ድሬሰር ላቀውና የጾም መርፌ

ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በረሃ በሚያወርደው መንገድ፣ ዋርካ ሜዳ በምትባል መንደር፣ ቆርቆሮው የዛገ አንድ ክሊኒክ ነበር። የዚያ ክሊኒክ ሐኪም ድሬሰር ላቀው ነው። ሰዉ ፊት ለፊት «ዶክተር» ይለዋል፤ ዞር ሲል ግን «የንስሐ አባት» ነው የሚለው። ቅጽል ስም መቼም ያለ ነገር አይወጣም። ሌላ ሐኪም ቤት ስትሄድ «ምንህን ነው ያመመህ?» ትባላለህ። ላቀው ግን በሽተኛው አግዳሚው ላይ ገና ሳይቀመጥ «ትጾማለህ?» ይለዋል። እስላም ክርስቲያን አይልም፣ ሽማግሌ ጎረምሳ አይልም። «ኧረ እኔ ለሆድ ቁርጠት ነው የመጣሁት» ብለው ቢያሾፉበት እንኳ አይስቅም፤ ያንኑ ይደግመዋል። የሚስቁበት ነገሩን አያውቁትም። የምናውቀው ደግሞ አንስቅም።

ላቀው የቄስ ልጅ ነው። እናቱ ጡት ሳይጥል ሞተችበት፤ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ የዓለምዘርፍ ናት። እሷም ያኔ ገና ልጅ እግር ነበረች። ጀርባዋ ላይ አዝላው ውኃ ትቀዳለች፣ አዝላው አረም ታርማለች። ሲያድግ ቄስ ትምህርት ቤት አስገባችው፤ ከዚያም አስኳላ ይሻለዋል ብላ ከአባቷ ተጣልታ አስኳላ አስገባችው። ደሴ ሄዶ ድሬሰርነት ሲማር፣ አገር ሰው ወደ ደሴ በወረደ ቁጥር ቆሎና በሶ ቋጥራ ትልክለት ነበር። ነጭ ጋዋን ለብሶ ዋርካ ሜዳ የተመደበ ዕለት እሷ እልል አላለችም፤ ከክሊኒኩ ደጃፍ ቁጭ ብላ አለቀሰች ይባላል። እሱም ሰው ፊት ሆነም አልሆነም «እታለም» ነበር የሚላት፤ ከእናት ለይቶ አያውቃትም።

ይህች ሴት በሌላው ነገር ሁሉ ሳቂታ ነች፤ ጾም ላይ ግን ቀልድ የላትም። ልጇን ክንፈን ስትወልድ ምጡ ዓርብ ቀን ቢይዛት «ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ውኃ አልቀምስም» ብላ አዋላጆቹን ያስለቀሰች ናት። ያ ክንፈ አደገና፣ ደርግ ለብሔራዊ ውትድርና ለቅሞ ወደ ሰሜን ሰደደው። ወሬው ጠፋ። የዓለምዘርፍም ለኪዳነ ምሕረት ተሳለች፤ የሁዳዴን ጾም ከመጀመሪያው እስከ ፋሲካ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውኃ በአፏ ላይዞር፣ ልጇን ከእሳት እንድታወጣላት። ይህን ስለቷን ላቀውም ያውቃል፣ ጎረቤቱም ያውቃል።

አሁን ወደ መርፌው ልምጣ። በዚያን ዘመን መርፌ የማይወጋ ሐኪም፣ ሐኪም አይባልም። ክኒን ይዞ ቤቱ የተመለሰ ሰው «ታከምክ ወይ?» ሲሉት «ምን እባክህ፣ ዱቄት ሰጥቶ ሸኘኝ» ይላል። የተወጋ ግን እያነከሰ በኩራት ይሄዳል። በጾም ወራት ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ክኒን በአፍ ይገባል፣ በውኃ ይዋጣል፤ ስለዚህ ጾም ይገድፋል። መርፌ ግን በአፍ አይገባም። ይህን ፍርድ ማን እንደ ሰጠው እንጃ፤ ብቻ ክርስቲያኑም እስላሙም የተስማማበት ነው። ሁዳዴ ሲገባ፣ ረመዳን ሲገባ፣ የላቀው ላምባ ምድጃ ቀኑን ሙሉ ሲንጣጣ ይውላል፤ የብርጭቆ ስሪንጅ ሲቀቀል ይውላል። ጉንፋን የያዘውም፣ ወገቡን የቆረጠውም፣ እንዲያው ድካም የተሰማውም ቂጡን አዙሮ ይሰለፋል። ላቀው ደግ ሰው ነው፤ እምቢ ማለት አይሆንለትም።

ደግነቱም ጠባሳ ጥሏል። ሸማኔው ሱሌማን ጎረቤቱ ነው። ሴት ልጁ ፈዲላ ገና ድክ ድክ ስትል ጉንፋን ያዛትና ተሸክሞ አመጣት፤ «ውጋልኝ» አለ። ላቀው «ሻይ በማር ይበቃታል» ማለት ሲገባው ወጋት። መርፌዋ ጅማቷን አገኘችው፤ ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ግራ እግሯን እየጎተተች ነው የምትሄደው። ሱሌማን አልከሰሰም፣ አልተሳደበም። «አንተ ምን ታደርግ፣ ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው» አለውና ለዒድ ሥጋ ላከለት። ቢሰድበው ለላቀው ይቀለው ነበር። ፈዲላ ትምህርት ቤት ስትገባ መንገዷ በክሊኒኩ መስኮት በኩል ሆነ፤ ጠዋትና ማታ ያቺን እግር ያያታል።

በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ሁዳዴና ረመዳን ተገናኙ። አገሩ በሙሉ ከንፈሩ ደረቀ። በዚያ ሰሞን ነው ከደሴ በላንድሮቨር አንድ ሰው ለግምገማ የመጣው። በደርግ ጊዜ «ግምገማ» ሲባል የማይሸበር ማን ነበር! የቀበሌው ሊቀመንበር እንኳ ቤቱ ገብቶ ተደበቀ አሉ። ኋላ ሲጣራ ግን የመድኃኒት አሰጣጥ ግምገማ ነው። ሰውየው ቢተው ይባላል፤ ፋርማሲስት ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ እግዜር ይፈርድብኛል። ጥግ ላይ ወንበር ይዞ ተቀመጠና ላቀው ሲሠራ ማየት ጀመረ፤ ማን ምን ታመመ፣ ምን ታዘዘለት፣ ማን ተወጋ። በሽተኛው ሲወጣ ደግሞ ከደጅ ባሕር ዛፉ ሥር አስቁሞ «ምን ተሰጠህ? እንዴት ነው የምትወስደው?» ይለዋል። ሰዉ ምን ይመልስ! «ተወጋሁ» ነው የሚለው።

ማምሻውን ቢተው ላቀውን ለብቻው አስቀምጦ አነጋገረው። ከገባው በሽተኛ ሁሉ ሳይወጋ የወጣ የለም ማለት ይቻላል፤ ግማሹ መድኃኒትም የሚያሻው አልነበረም። መርፌ እባጭ ያመጣል፣ በሽታ ካንዱ ወዳንዱ ያሻግራል፣ ሕፃን ያሽመደምዳል አለው። ላቀው ይህን ሲሰማ ዓይኑ ወደ መስኮቱ ሄደ። ቢተው በመጨረሻ ያለው ግን ይህን ነው፤ መዋጥ የሚችል ሁሉ ይዋጥ፤ እንዴት እንደሚውጥም በደንብ ይነገረው፤ አለዚያ ክሊኒኩን ሌላ ሰው ይይዘዋል። ላቀው ክሊኒኩን ከሚነጥቁት ዓይኑን ቢያወጡት ይመርጣል። ግን በፍርሃት ብቻ አልነበረም እሺ ያለው። ያቺን እግር እያየ ስንት ዓመት ኖሯል፤ ሰውየው እውነቱን እንደሆነ ልቡ ያውቀዋል።

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የገባው ሱሌማን ነው፤ ሳል ይዞታል። ላቀው ክኒን ቢያወጣ ጊዜ ሱሌማን ወደ እንግዳው ዞሮ በትሕትና፣ «ጌታው፣ ክኒን ጾም ያስገድፋል፤ መርፌው ይሻለን ነበር» አለ። ቢተው ሳቅ ብሎ የታመመ ሰው እንዲጾም የሚያስገድድ ሃይማኖት እንደሌለ አስረዳው፤ ቁርኣኑም ይፈቅድለታል፣ ለክርስቲያኑም የንስሐ አባቱ ይፈቅድለታል አለ። ሱሌማን «እውነት ነው» አለ። አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ «እውነት ነው፣ እሺ» አለ። ቢተው ነገሩ ያለቀ መሰለው። የእኛን አገር እሺ መቼ አወቃትና! እንግዳ ማሳፈር ነውር ነው፤ እሺ ይባላል፣ ቤት ተገብቶ ደግሞ የሚደረገው ይደረጋል። ላቀው ግን የእኛው ሰው ነው፤ እሱ ማወቅ ነበረበት።

የዓለምዘርፍ የመጣችው ረፋዱ ላይ ነው። ቤቷ ከጋራው ላይ፣ ከደብሩ ግርጌ ነው፤ ያን ቁልቁለት ጎኗን በእጇ ደግፋ ወርዳለች። ውጋት ነው፤ ሲያስላት ፊቷ ይጨማደዳል፣ ግንባሯ ይፋጃል። ላቀው ደረቷን አዳመጠና ሳንባዋ መሆኑን አወቀ፤ ገና ጅማሬ ነው። «ውጋኝና ልሂድ፣ ጾም ነው» አለችው። ላቀው ጥግ ወዳለው ወንበር ዓይኑን ጣል አደረገ። የዓለምዘርፍም የእሱን ፊት ከሕፃንነቱ ጀምራ ስታነብ የኖረች ናት፤ ወሬውን ደግሞ ገና መንገድ ላይ ሰምታዋለች። ወንድሟ እየተፈተነ ነው። ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና፣ «ተወው፣ እንደሚሆንልህ አድርገህ ስጠኝ» አለችው።

ባለ ሁለት ቀለሙን ካፕሱል በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት። ቢተው እንዳስተማረው ረጋ ብሎ፣ እየደጋገመ ነገራት፤ አንድ ጠዋት፣ አንድ ቀን፣ አንድ ማታ። «እታለም፣ አንዱን እንኳ ብታጎድይ መድኃኒቱ አይሠራም። ከጀመርሽ ሳታቋርጪ እስኪያልቅ ነው» አላት። እሷም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በቃሏ ያዘችው።

ከደጅ ቢተው አስቆማት። ምን እንደተሰጣት፣ እንዴት እንደምትወስደው ጠየቃት። የዓለምዘርፍ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሳሏን ውጣ፣ እንደ ውዳሴ ማርያም አንድም ሳትሰናከል ወጣችው፤ ስንቴ እንደሚወሰድ፣ ማቋረጥ እንደማይገባ፣ አንዱ ከጎደለ እንደማይሠራ። ቢተው ደስታውን መደበቅ አልቻለም። በዚያ ሁሉ ክሊኒክ ሲዞር እንዲህ አድርጎ የመለሰለት ሰው አላጋጠመውም። ወደ ውስጥ ገብቶ ላቀውን ትከሻውን መታ አደረገና «ሕክምና ማለት ይሄ ነው» አለው። ላቀው በመስኮት ሲያይ እህቱ ዞር ብላ ፈገግ አለችለት። አላሳፈረችውም። ከዚያ ጎኗን ይዛ ዳገቱን ተያያዘችው።

ሆሳዕና መጣ። እንደምታውቁት በሰሙነ ሕማማት ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግም፤ ስለዚህ በዚያ ሳምንት የሚሞተው ሁሉ በሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ይፈታል። ካህናቱ የፍትሐቱን ጸሎት ቆሞ በሚሰማው ምእመን ላይ ያደርሱታል፤ ማን ሊሞት እንደሆነ ማንም አያውቅም። የዓለምዘርፍ ጣቷ ላይ ዘንባባ አስራ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ተደግፋ ጸሎቱን ሰማች። ሲያልቅ ላቀው ቀረብ ብሎ «ተሻለሽ ወይ?» አላት። ፊቷ ከሳ ብሏል። «ተመስገን ነው። አይዞህ፣ እንዳልከኝ ነው የማደርገው፤ አንድም አላጎድል» አለችው። ውሸት አይደለም፤ የዓለምዘርፍ ውሸት አታውቅም። ላቀው ሁዳዴ መሆኑን ረሳ ልበል? ሰው እንዴት ዘንባባ ታስሮበት ሁዳዴ መሆኑን ይረሳል! ብቻ ልቡ በዚያች በደጅዋ መልስ ሞልቶ ነበር፤ ሌላ የሚገባበት ቦታ አልነበረውም።

በማግስቱ መካነ ሰላም ተጠራ፤ የአውራጃው ጤና ሠራተኞች ስለ መድኃኒት አሰጣጥ ሊማሩ ነው። ለመንግሥት ሕማማት ምኑ ነው! እዚያ ቢተው ከመድረክ ቆሞ ዋርካ ሜዳን እያነሳ አመሰገነ። አንዲት ያልተማረች ገበሬ ሴት መድኃኒቷን እንዴት አድርጋ እንደምትወስድ እንደ ዳዊት ደገመችልኝ፤ ሠራተኛው በደንብ ቢነግር ሕዝቡ ይሰማል ማለት ይህ ነው አለ። ሰዉ ዞሮ ላቀውን አየው። ደረቱ ሞቀ። እህቴ ናት ግን አላለም፤ አድልዎ እንዳይመስል ፈራ። ሲመለስ ይህን ሁሉ ሊነግራት፣ ሊያስቃት አስቦ ነበር።

ጸሎተ ሐሙስ ቀን፣ ከስብሰባው ደጃፍ ሱሌማን በቅሎ ይዞ ቆሟል። ያን ሁሉ መንገድ በረመዳን፣ ውኃ ሳይቀምስ ነው የመጣው። «እትዬ ትንሽ ደክመዋል» አለው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር አገሩ ያውቃል። ላቀውም ያውቃል፤ ጉዟቸውን ሲጀምሩ ሱሌማን በቅሎዋን አላቻኮላትም። የታመመ ሰው ጋ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ይነዳት ነበር። ላቀው ግማሽ መንገድ ላይ ከበቅሎዋ ወረደና «ቀበራችኋት?» አለው። ሱሌማን ኩታውን ዓይኑ ላይ አደረገ።

ረቡዕ ማታ አርፋ ሐሙስ ጠዋት ተቀብራለች። ደወል አልተደወለም፣ ፍትሐት አልተፈታም፤ የሆሳዕናው በቃት። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። የንስሐ አባቷ አባ አካሉ ከመቃብሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ላቀውን ሲያዩት ቀና ማለት አቃታቸው። «አንድ ቃል እኮ ነበር ልጄ፤ ቢልኩብኝ ሮጬ መጥቼ እፈታት ነበር» አሉት። ምን ማለታቸው እንደሆነ በዚያን ሰዓት አልገባውም።

የገባው ቤቷ ሲደርስ ነው። ስታስታምማት የከረመችው ጎረቤቷ ቦጋለች የሟቿን ነጠላ አምጥታ ሰጠችው። ጫፉ ላይ ቋጠሮ አለ፤ ቦጋለች የቤተ ክርስቲያን የእምነት አፈር መስሏት ሳትፈታው ትታዋለች። ላቀው ፈታው። ካፕሱሎቹ ናቸው። እሱ ከጠቀለለበት ወረቀት እንኳ አልወጡም። አንድም አልጎደለም።

ቦጋለች ያን ጊዜ እሪ ብላ ነገሩን ተናገረች። ሕመሙ ሲጠናባት «መድኃኒትሽስ?» ብላት ነበር። የዓለምዘርፍም አስረዳቻት። ላቀው አንዱ ከጎደለ አይሠራም ብሏታል፤ ከተጀመረ ደግሞ አይቋረጥም። የማታውን መዋጥ ትችላለች፤ የጠዋቱንና የቀኑን ግን ጾሙ አለ፣ ስለቱ አለ፣ የክንፈ ነፍስ አለች። አባ አካሉ ጾሙን ቢፈቷት ስለቱን ማን ይፈታላታል? እንግዲህ አጉድሎ ጀምሮ የወንድሟን መድኃኒት ከማበላሸት፣ ፋሲካ እስኪፈታ ጠብቃ አንድም ሳታጎድል በደንብ ልትወስደው ቆረጠች። ቀኑም ቀርቧል፤ እስከዚያ ኪዳነ ምሕረት ታውቃለች። «ወንድሜ እንዳያፍር በደንብ አድርጌ ነው የምውጠው» አለችኝ አለችው። ላቀው ነጠላውን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ጮኸ።

ፋሲካ ሆነ። ሰው ሁሉ ፈሰከ። ላቀው አልፈሰከም፤ ጎረቤት ያመጣለትን ሳይነካው ቀረ። ለለቅሶ የመጣው ሁሉ «ቢወጋት ትድን ነበር» ይላል፤ ፊቱ ባይለውም ይሰማል። እሱም ሌት ተቀን ለራሱ የሚለው ይህንኑ ነው። ሥራ የገባ ዕለት በሽተኛው መርፌ መርፌ ሲል በንዴት ስሪንጁን አንስቶ ላምባ ምድጃውን ለኮሰ። ያን ጊዜ ፈዲላ ደብተሯን ታቅፋ፣ እግሯን እየጎተተች በመስኮቱ አለፈች፤ «ጋሼ ላቀው፣ እንዴት አደሩ?» አለችው። ምድጃውን አጠፋው። በመርፌ አንዷን አሰናከለ፣ መርፌ ትቶ አንዷን ቀበረ፤ የሚቆምበት መሬት አጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው «ትጾማለህ?» ማለት የጀመረው። የሚጾም ከሆነ ከክርስቲያኑ ጋር አባ አካሉ ዘንድ፣ ከሙስሊሙ ጋር ሼኹ ዘንድ ራሱ ይሄዳል፤ «ተፈቅዶልሃል» የሚለውን ቃል ሳያሰማው መድኃኒት አይሰጥም።

ቢተው የተመለሰው ሰኔ ሲገባ ነው። ጥግ ወንበሩን ይዞ ዋለ፤ የሚወጋው ጥቂት፣ የተሰጠውን የሚያውቀው ብዙ ሆኖ አገኘው። ደስ አለው። ማምሻውን ሌሎች ድሬሰሮችን እዚህ አምጥቶ ሊያሳይ እንዳሰበ አጫወተው። ከዚያም፣ «ያቺ ሴትዮ የት ነች? ያቺ አሳምራ የመለሰችልኝ። አስጠራልኝ፣ ለእንግዶቹ እንድትነግርልኝ እፈልጋለሁ» አለው።

ላቀው ተነስቶ ከሣጥኑ ነጠላውን አወጣ። ቋጠሮውን እንደገና ቋጥሮት ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት። ቢተው ፈታው፤ ወረቀቱን ዘረጋ፤ ካፕሱሎቹን አየ። ላቀው ሁሉንም ነገረው፤ ስለቱን፣ ሆሳዕናን፣ «አንዱ ከጎደለ አይሠራም» ያላትን፣ ለፋሲካ ማቆየቷን። ቢተው ካፕሱሎቹን አንድ በአንድ ወደ ወረቀቱ መለሳቸው። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ትውጠው እንደሆነ የሚጠይቅ ጥያቄ ወረቀታችን ላይ የለም» አለ።

«ወረቀቱን ይተዉት» አለ ላቀው። «እኔ ስለቷን አውቅ ነበር። ጾሟን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ጀርባዋ ላይ ሆኜ ነው ያደግኩት። ሁለታችንም ዋርካ ሜዳ ነበርን፣ እርስዎ ከደጅ፣ እኔ ከውስጥ፤ እርስዎ የመጡበትን ጠየቋት። እኔ ግን እታለም ትጾሚያለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም።»